የአያ መኳንንት በሶ

ባለፈው እሑድ ፀዳ ከተማ፣ ልጄ ቤት፣ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር የሞላውን የልጅ ልጄን ምሳ ለማብላት ሦስት ጎልማሳ ሲረባረብ ከሚስቴ ጋር ተቀምጬ አየሁ። አንዷ ልጄ ማስተዋል ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒት ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ሁለተኛው ባሏ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሦስተኛዋ የባሏ እህት ናት፤ እሷ ወልዳም አሳድጋም አታውቅም፤ ስለዚህ ስለ ልጅ አስተዳደግ ከሁለቱም በላይ ታውቃለች። ልጁ፣ ያፌት፣ ከፍ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ እንደ ዳኛ ተሰይሟል። ከፊቱ ስልክ በብርጭቆ ተደግፎ ቆሟል፤ ስልኩ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ሐምራዊ እንስሳ በሰው አገር ቋንቋ ይዘፍናል። ልጁ አፉን የሚከፍተው በእንስሳው ሲገረም ነው፤ ያኔ አባትየው ማንኪያውን እንደ ሌባ ሰተት ያደርጋል። ዘፈኑ ሲያልቅ ያፌት የጎረሰውን ሁሉ አገጩ ላይ ይመልሰዋል። እናትየው ትጠርጋለች፤ አክስትየው ሌላ ዘፈን ትፈልጋለች። በዕድሜዬ ብዙ ሞኝነት አይቻለሁ፤ ለአንድ ማንኪያ ምስር ሦስት ሰው ተንበርክኮ ሲለምን ያየሁት ግን በዚህ ዘመን ነው። ካሮቱን በኮከብ ቅርጽ ቆርጠውለታል፣ ድንቹን በቅርጽ ማውጫ ጥንቸል አስመስለውለታል፣ ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ የሚጣበቅ ነው፣ ማንኪያው የሚታጠፍ ነው። ልጁ በብስኩትና በጡጦ ወተት ነው የሚኖረው።

ማንኪያው ሁሉ ሲከሽፍ አክስትየው ከሱፐርማርኬት ያመጣችውን የሚያብለጨልጭ ላስቲክ ቀደደች። ላዩ ላይ ጉንጩ እንደ ቲማቲም የቀላ የፈረንጅ ልጅ ይስቃል፤ ተፈጥሯዊ፣ ለሕፃናት ተስማሚ፣ የተመሰከረለት ይላል። ውስጡ በሶ ነው። አያቶቻችን በስልቻ ይዘው የዘመቱበት፣ ነጋዴው በአህያ ጭኖ በረሃ የወረደበት በሶ፣ ዛሬ የፈረንጅ ልጅ ካልሳቀበት አይሸጥም። ልንቀው ዝግጁ ነበርኩ። ግን ላስቲኩ ሲቀደድ የተቆላው ገብስ ሽታ ወጣና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በዚያው ቅጽበት የማስተዋል ባል ስልኩን ከልጁ ፊት አንሥቶ ወደ እኔ አዞረው። ‹‹አባባ፣ ማስተዋልን ብቻዎን ያበሉበትን ዘዴ ይንገሩን። ልቅረጽዎት›› አለኝ። ይህ ታሪክ በቤታችን የታወቀ ነው። ሚስት ርቃ ሳለች ምግብ እንቢ ያለች ሕፃን በትዕግሥት አብልቶ ያሳደገ አባት ታሪክ ነው። በማስተዋል ሠርግ ላይ ማይክራፎን ጨብጬ ተናግሬዋለሁ፤ ሴቶቹ እንባቸውን ጠርገዋል። እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ያ ሽታ ግን አፌን ያዘው።

ያኔ ከከተማችን አራዳ ወረድ ብሎ፣ ወይዘሮ ዘነቡ በሚባሉ ሴት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ታይፒስት ማለት ያኔ ቀላል ሰው አልነበረም፣ ቢያንስ ለታይፒስቱ። ሱሪዬ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ ቴትሮን የሚሉት ጨርቅ ነው፤ ስፋቱን ሁለት ጣት ለማስጨመር ከልብስ ሰፊው ጋር ሦስት ቀን ተከራክሬበታለሁ። ፀጉሬ አፍሮ ነው፤ ማበጠሪያዬ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ ከኋላ ኪሴ ብቅ ይላል። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፤ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መታየት ደግሞ በነጻ ነበር፤ እኔም ከሦስቱ አብዝቼ የተጠቀምኩት በነጻው ነው። የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ዓይንና ስለ ጥርስ የሚዘፍኑ ድምፆችን ያሰማ ነበር፤ ሰውየው መርፌ ሲሰካ ብቻ ዝም ያሰኘዋል። ዛሬ በዚያ ጥግ ባለፍኩ ቁጥር የማያቸው የስልክ ሽፋን የሚሸጡ ሱቆች ናቸው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ዘፈን ይለቅቃል፣ አንዱም አይሰማም። ያኔ ስብሰባ የሚበዛበት ጊዜ ነበር። ስለ ስብሰባው ሌላ ይጻፍ፤ እኔ ከስብሰባው ያተረፍኩት የእንጨት ወንበር የላጠውን ሱሪ ብቻ ነው።

ሚስቴ አልጋነሽ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረች። ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሂጂ ተባለች፤ ልጅ አለኝ ብሎ መቅረት የማይታሰብ ነበር። ማስተዋል ዓመት ከሰባት ወሯ ነው፤ ጡት አልተወችም። መሄጃዋ ሲቀርብ ወይዘሮ ዘነቡ ለአልጋነሽ እሬት አምጥተው ጡቷን አስቀቧት። ልጅቱ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ በኋላ የሚሰጧትን ሁሉ በዚያው ዓይን ታይ ጀመር። የአልጋነሽ እናት እትዬ ብርቄ ከኮላ ድባ ድረስ መጥተው ልጅቱን ይዤ ልሂድ ሲሉ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከተማ የተወለደ ልጅ ገጠር አይገባም፣ ጭሱ ዓይኗን ያጠፋዋል፣ ውኃው አይስማማትም አልኩ። የራሴ አባት ቤት ጭስ ከእትዬ ብርቄ ቤት ጭስ የባሰ እንደነበረ ቴትሮኑ አስረስቶኝ ነበር። እትዬ ብርቄ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ፤ ሱሪዬ ላይ ትንሽ ቆዩ። ‹‹በፋሲካ እመጣለሁ፤ ከስታ ካገኘኋት አዝያት እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ አትናገረኝ›› አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ወንድ ልጅ ሕፃን ያበላል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። መናቃቸው አንገበገበኝ፤ ካልጠፋ ነገር እኔም የምንቀው ሰው ንቆኝ ሄደ።

ማስተዋል ገንፎ እንቢ አለች። ፍትፍት፣ አልጫ፣ የተፈጨ ድንች እንቢ። በስንት ደጅ ጥናት የተገኘውን የቆርቆሮ ወተት ሁለት ጉንጭ ጠጥታ ጽዋውን ገፋችው። እኔ መሥሪያ ቤት ስውል ወይዘሮ ዘነቡ ይሞክራሉ፣ ማታ እኔ እሞክራለሁ። ዘፈንኩላት፣ በአራት እግሬ ሄድኩላት፣ ድስት ደፍቼ ከበሮ መታሁላት። ስልክ ስላልነበረ ያ ሐምራዊ እንስሳ እኔው ነበርኩ። በሁለተኛው ወር አንገቷ ቀጠነ፣ ቀሚሷ ሰፋባት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ጥንቱ አድርጌ በግድ ላጠጣት ቆረጥኩ። ጭኔ ላይ አንጋለልኳት፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣቴ ያዝኩ፣ በሌላው እጄ ከጽዋው አጥሚት አንቆረቆርኩባት። ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው አፉን ይከፍታል፣ ከከፈተ ይውጣል ብለው ብዙ አዋቂዎች ነግረውኛል። አፏን ከፈተች፤ አጥሚቱ ግን በትንፋሿ መንገድ ገባ። ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ እጇ ዛለ። እኔ ጽዋውን እንደያዝኩ ደንዝዤ ቀረሁ። ወይዘሮ ዘነቡ ድምፁ ሲጠፋባቸው ገብተው ከእጄ ነጠቋት፣ በክንዳቸው ላይ ቁልቁል ደፍተው ጀርባዋን መቱላት፤ አስመለሳትና አለቀሰች። ልቅሶዋን ስሰማ ጽዋውን መሬት አስቀመጥኩ። ወይዘሮ ዘነቡ አልጮኹብኝም። ቀስ ብለው ‹‹አንተ አባት ነህ ወይስ ነፍሰ ገዳይ?›› አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስተዋል እጄ ወደ ፊቷ ሲመጣ አፏን በሁለት መዳፏ ትሸፍን ጀመር።

አሁን ከቅዳሴ መልስ ዛፍ ሥር የምንቀመጥ ጡረተኞች አለን። ወሬያችን ስለ ዛሬ ልጆች ነው። በእኛ ጊዜ ልጅ ያቀረቡለትን በልቶ ተመስገን ይል ነበር ይላሉ፤ ሁሉም በራሱ ይነቀንቃል። ውሸታቸውን ነው። ይህን ከሚሉት ውስጥ አንዱ እንኳ ልጁን አንድ ጊዜ አጉርሶ አያውቅም፤ እሱ ሲገባ ልጆቹ በልተው ተኝተዋል፤ እንዴት እንደ በሉ፣ ስንቱ እያለቀሰ፣ ስንቱ አፍንጫው ተይዞ እንደ በላ እናቲቱ ናት የምታውቀው። አፍንጫ መያዙን የነገሩኝ አዋቂዎች እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ከልጅ ፊት ስልክ የሚያቆሙትን ብንቅም፣ ስልኩ ማንንም ሲያንቅ አላየሁም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በግቢው በር ሥር ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አያ መኳንንት የሚባል ተሸካሚ ይኖር ነበር። ከአዲ አርቃይ ወገን የመጣ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቅዳሜ ገበያ እህል ከመኪና የሚያወርድ ሰው ነው። ጫማው ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ከጆንያው የተነሣ እንደ ወንፊት ሳስቷል። መኳንንት ተብሎ ጆንያ መሸከሙ በጣም ያስቀኝ ነበር፤ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ነግሬ አሥቄያቸዋለሁ። ሰላም ሲለኝ በአገጬ እመልስለታለሁ። ገበያው ቅርብ ስለሆነ ቀትር ላይ ይመጣል፤ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ከትንሽ ስልቻው በሶ ያወጣና ቅሉ ውስጥ በውኃና በጨው ለውሶ በመዳፉ እየጨበጠ ይበላል። አንዳንድ ቀን ድርቆሽ እንጀራ በሽሮ ይኖረዋል። ይኸው ነው ምሳው።

አንድ ቀን ስብሰባ ቀርቶ በቀትር ቤቴ ገባሁ። ማስተዋል መሬት ላይ፣ ከሰውየው እግር አጠገብ ተቀምጣለች። እሱ አያያትም። ወደ መንገዱ እያየ፣ የሚያልፈውን አህያ እየቆጠረ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ያኝካል። ቅሉን መሬት አስቀምጦታል። ልጄ እጇን ሰደደች፣ አንድ ጭብጦ አነሣች፣ ግማሹ ወደቀ፣ ግማሹን አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከች። ዋጠች። እንደገና እጇን ሰደደች። ሁለት ወር ሙሉ ዘፍኜ፣ ተንበርክኬ፣ አፍና አፍንጫ ይዤ ያላገኘሁትን ያ ሰው አህያ እያየ አገኘው። ዘልዬ ልነጥቃት ስል ወይዘሮ ዘነቡ ክንዴን ያዙኝ፤ አራተኛ ቀኗ እንደሆነ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተዋረድኩ። አልዋሽም፣ የመጀመሪያ ስሜቴ ውርደት ነው። ልጄ የእኔን ንጹሕ ጽዋ ገፍታ የጆንያ አቧራ ያለበት እጅ የለወሰውን በላች። በማግሥቱ ጠብቄው ምን እንደሚያደርጋት ጠየቅኩት፤ አንተ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ አያ እንኳ አላልኩም። ‹‹ምንም ጌታው። እርስዎም ዓይንዎን ያንሱላት። ሰው አፉን እያየው ማን ይበላል?›› አለኝ። ስልቻውን እያሰረ ደግሞ ‹‹ራሷ ታንሣ፤ እጅ አላት›› አለ።

ያን ዕለት ማታ እራቴን አቅርቤ ማስተዋልን ከጎኔ አስቀመጥኳት። አላጎረስኳትም። መስኮቱን እያየሁ ሽሮዬን በላሁ፤ አንገቴ እስኪደነዝዝ መስኮት አየሁ። ቆይታ ከእኔ በኩል ቁራሽ ጎተተች። አልዞርኩም። በሳምንቱ ሽሮ በላች፣ ቀጥሎ አልጫ፣ ቀጥሎ ያን የተፋችውን ድንች። አንጀቷ ሞላ፣ ጉንጯ ተመለሰ። ቀትር ቀትር ግን ከአያ መኳንንት ጋር ነበረች፤ የበረባሶው ድምፅ ከመንገድ ሲሰማ ወደ በሩ ትሮጣለች። እኔም ቀስ በቀስ ያ ዘዴ የራሴ መሰለኝ። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ስነግር ‹‹ዓይኔን አነሣሁላት›› አልኩ፤ ከማን እንደተማርኩ የጠየቀኝ የለም።

ፋሲካ ደረሰና እትዬ ብርቄ መጡ። ልጅቱን አነሡ፣ በእጃቸው መዘኑ፣ ጭኗን ጨብጠው አዩ። ማን እንዳበላት ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ያቺ በዓይናቸው ቴትሮኔን የቀደዱ ሴት ተነሥተው ቆሙ፤ ‹‹ሸጋ አባት ነህ፤ እኔ አላወቅሁህም ነበር›› አሉኝ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ለመስማት ያኔ ምን ያልሰጠሁት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ አያ መኳንንት መጣና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ማስተዋል ከአያቷ ጉያ ወጥታ ሮጠች፤ እጇን እንደ ልማዷ ቅሉ ውስጥ ከተተች። እትዬ ብርቄ አዩዋትና ‹‹ምነው፣ ይህን ሰው እንዲህ ለመደችው?›› አሉ። እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ያ ምስጋና እንዳይወሰድብኝ ፈራሁ። ‹‹ተሸካሚ ነው፤ ስሄድ ጠብቆ ነው የሚያስለምዳት›› አልኩ፤ ወደ እሱ ዞሬም ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ቅልህ ውስጥ እጇን ስትከት እንዳላይ›› አልኩት። አያ መኳንንት ቀና ብሎ አየኝ። ያበላኋት እኔ ነኝ ቢል የሚከለክለው አልነበረም፤ ወይዘሮ ዘነቡ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፣ ይመሰክሩለት ነበር። አላለም። እጇን ቀስ አድርጎ ከቅሉ አወጣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገላት፣ ‹‹ወደ አባትሽ ሂጂ›› አላት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ቀትር ላይ አልመጣም። ማስተዋል ድንጋዩ አጠገብ ለጥቂት ቀን እየተቀመጠች መንገዱን አየች፤ ከዚያ ተወችው፣ ልጅ አይደለች እንዴ? ክረምት ሳይገባ ሰውየው ክፍሉን ለቀቀ። ወይዘሮ ዘነቡ ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን በአገጫቸው ይመልሱልኝ ጀመር። አልጋነሽ ስትመለስ የወፈረች ልጅ ሰጠኋት፣ ታሪኩንም ሰጠኋት። ምንም አልደረሰብኝም። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው አንድ ነገር ይደርስበታል ይባላል፤ እኔ ግን ዕድገት አገኘሁ፣ ቤት ሠራሁ፣ ልጄን ዳርኩ፣ ሠርግ ላይ ተጨበጨበልኝ።

ይህንን ሁሉ ባለፈው እሑድ፣ ስልኩ ፊቴ ተደቅኖ፣ ከነሱሪዬ ከነአገጬ ተናገርኩት። ሽታው ነው ያናገረኝ፤ ጀግንነት አይደለም፤ በሰባ ዓመት የሚመጣ እውነት ከጥርስ መውለቅ ብዙ አይለይም። የማስተዋል ባል መካከል ላይ ስልኩን ዝቅ አደረገ። አክስትየው ይሄኛው ለሰው አይለቀቅም፣ መጀመሪያውን ብቻ ቆርጠን እናስቀራለን አለች። ያፌት በሶውን አንድ ጊዜ ቀምሶ ተፋው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ማስተዋል በአፏ ውስጥ የሆነ ጣዕም እንደምትፈልግ ሁሉ ከንፈሯን ላሰችና ሰውየው በሕይወት ይኖር እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ፈልጌው እንደማላውቅም ነገርኳት።

‹‹ሞቷል›› አለች አልጋነሽ። ሚስቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የያፌትን ሹራብ ቁልፍ እየሰፋች ነበር፤ ከመርፌዋ ቀና አላለችም። ከሥልጠና በተመለሰች በሳምንቱ ወይዘሮ ዘነቡ ሁሉንም ነግረዋት ኖሯል። ልጅቱን አዝላ ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በተሸካሚዎች መካከል ፈልጋ አገኘችው። ጋቢ ወሰደችለት። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ለፋሲካ፣ እኔ ከመሥሪያ ቤት ሳልመለስ፣ ከማስተዋል ጋር ሄደው ይጠይቁት ነበር፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። ኋላ ጀርባው ሲደክም ወደ አዲ አርቃይ ተመለሰ፤ መሞቱንም ከዚያ በመጣ ነጋዴ ሰማች። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ታሪኬን ስናገር ጎኔ ተቀምጣ ሰምታኛለች፤ ሰው ሲያጨበጭብ አብራ አጨብጭባለች።

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ራስህ እስክትናገር እጠብቅ ነበር አለች፤ በማስተዋል ሠርግ ዕለት ማይክራፎኑን ስትይዝ ዛሬ ነው ብዬ ነበር አለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ሰው በዚህ ዕድሜው እንኳ ስለ ራሱ ሳይጠይቅ አያልፍምና ያን የመጀመሪያውን ቀን ገበያው ውስጥ ሰውየው ስለ እኔ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ቢረግመኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ወይም ይቅር ብዬዋለሁ ቢል፣ አንዱን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር።

‹‹ስለ አንተ?›› አለች አልጋነሽ፣ አሁን ገና ቀና ብላ። ‹‹ስለ አንተ ምንም አላለም። ‹ትበላለች ወይ?› ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።››